ከውጅግራ እስከ ሲሞኖቭ፦ በጣና ዳር ጠመንጃ እንዴት ይመዘናል

ባሕር ዳር ውስጥ የባንክ ወይም የመጋዘን ጥበቃ ትከሻው ላይ የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ አፈሙዙ ሥር ሳንጃ የታጠፈበት ጠመንጃ አንግቶ ካያችሁ ሲሞኖቭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በወረቀት ስሙ ኤስኬኤስ ይባላል። ክላሽ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ያምታታዋል። ክላሽ ቃታው ተይዞ ከቆየ ያርከፈክፋል። ሲሞኖቭ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ቀጣዩን ራሱ ያቀባብላል። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ይኸው ነው። የሚሠራውም በራሱ ጥይት ጋዝ ነው። ከባሩዱ ጭስ ጥቂቱ በርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ይወጣና ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ቀለሁ ይወረወራል፣ አዲሱ ጥይት ይገባል።

ሐይቁ ዙሪያ ለጠመንጃ እንግዳ አይደለም። ኢማም አህመድ፣ ማለትም ግራኝ፣ በየካቲት 1535 ዓ.ም. የወደቁት ከጣና ወደ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ በተባለው ጦርነት ነው፤ የመታቸውም የፖርቱጋል ነፍጥ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ባለእጆችን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጠመንጃዎች ስማቸው ራሱ ታሪክ ነው። ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ለበን ከፈረንሳዩ ለቤል፣ ምንሽር ከማንሊኸር የመጡ ናቸው። ውጅግራ ደግሞ «ፊዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም የእኛ አፍ አለስልሶት ነው። የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንዴ ተኩሶ እንደገና በእጅ የሚጎረስ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነበረ። ከጣልያን ወረራ በፊት የገባው የቤልጅግ ሞዜርም እስካሁን በዕድሜ ጠገብ ሰዎች ወሬ ውስጥ አለ።

ራሱ የሚያቀባብለው ጠመንጃ በሁለት በር ገባ። አንደኛው የአሜሪካ ነው። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋው ኤም ዋን ጋራንድ ይዞ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የንጉሡ ጦር የአሜሪካ መሣሪያ ታጠቀ። ሁለተኛው በር የሶቪየት ነው። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ፊቱን ወደ ሞስኮ ሲያዞር ክላሽና ሲሞኖቭ በብዛት መጡ። ስለዚህ አሮጌ ወታደሮች ቡና ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ የሚሰማው ክርክር በአብዛኛው ያው ነው፦ ጋራንድ ወይስ ሲሞኖቭ?

ማነጣጠርን ብቻ ካየን ጋራንድ ያሸንፋል። ለዚህ ክርክር አያስፈልግም። ጆን ጋራንድ የሠራው ይህ ጠመንጃ በአሜሪካ ጦር በ1936 እ.ኤ.አ. ተቀባይነት ያገኘ ነው። 4.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስምንት ጥይት ይጎርሳል። የኋላ ማነጣጠሪያው ቀዳዳ ነው፤ ዓይን ወዲያው መሐሉን ያገኛል። ጥይቱ ወደ 10 ግራም ይጠጋል፣ ከአፈሙዙም በሰከንድ 850 ሜትር ያህል ይወጣል። የሲሞኖቭ ጥይት 8 ግራም ገደማ ነው፣ ፍጥነቱም 735 ሜትር። የሲሞኖቭ ማነጣጠሪያ ክፍት ቦይ ነው፣ ያውም ከዓይን ራቅ ብሎ የተቀመጠ። ደህና ሲሞኖቭ በ100 ሜትር ጥይቶቹን ከ8 እስከ 12 ሣንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይሰበስባል። ደህና ጋራንድ ከዚያ ጠበብ ያለ ክብ ይሠራል። 300 ሜትር ላይ ልዩነቱ ይገዝፋል። በ100 ሜትር የተስተካከለ ሲሞኖቭ እዚያ ሲደርስ ጥይቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ተኳሹ ማነጣጠሪያውን ከፍ ማድረጉን ከረሳ ዒላማው ላይ ሳይሆን አፈር ላይ ነው የሚያገኘው።

የጣና አየር ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለሉ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ጥይት ትንሽ ቀለል ብሎት ይሄዳል። መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ሣንቲሜትር ከፍ ብሎ ይመታል። ነፋሱ ግን ከዚህ የባሰ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ታንኳ የሚቀዝፍ ሁሉ ያውቀዋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የሲሞኖቭን ጥይት በ300 ሜትር 40 ሣንቲሜትር ገደማ ይገፋዋል። የጋራንድን ግን 20 ገደማ ነው። ጠመንጃ በጠዋት መሞከር ይሻላል የሚለው የድሮ ተኳሾች ምክር ከንቱ አይደለም።

ታዲያ ለምን ሲሞኖቭ ይመረጣል? ጥይቱ ነው ምክንያቱ። ሲሞኖቭና ክላሽ የሚበሉት አንድ ዓይነት ነው፤ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የጥይቱ ውፍረት በቀለሁ ርዝመት። አገር ውስጥም ይመረታል። የጋራንድ 7.62 በ63 ግን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ሌላም ጣጣ አለው። ጋራንድ ስምንቱን ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ይጎርሳል፤ የመጨረሻው ሲተኮስ ማቀፊያው «ጭል» ብሎ ይዘላል። ማቀፊያው ከጠፋ ያ ሁሉ ምሕንድስና አንድ አንድ እየጎረሰ የሚተኩስ ውጅግራ ይሆናል። እኔ ምረጥ ብባል ሲሞኖቭን እይዛለሁ። የሚጠበቀው ግቢ ከበር እስከ አጥር መቶ ሜትር አይሞላማ! ከጋራንድ ሌላ የሆነው አጭሩ የአሜሪካ ጠመንጃ፣ ኤም ዋን ካርቢን፣ 2.4 ኪሎ ብቻ መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን ጥይቱ ደካማ ነው፣ ከ150 ሜትር ወዲያ እምነት አይጣልበትም።

ሲሞኖቭ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ሰርጌ ሲሞኖቭ በ1945 እ.ኤ.አ. የነደፈው ነው፤ ቱላ ላይ በ1949 በብዛት መመረት ጀመረ። ቻይና ታይፕ 56 ብላ ሠራችው፣ ዩጎዝላቪያም የራሷን። የሶቪየቱ በአብዛኛው የበርሜሉ ውስጥ በክሮም የተለበጠ ነው፣ ዝገት ይቋቋማል። ኤም 59/66 የሚባለው የዩጎዝላቪያው ክሮም የለውም፤ አፈሙዙ ላይ የቦምብ መወርወሪያ ስላለው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። እርጥበት ላለበት ዳርቻ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቁጥሮቹም ይታያሉ። መዝጊያው፣ ሳጥኑና ሰደፉ ላይ ያለው ቁጥር ከተመሳሰለ አብረው የተወለዱ ናቸው። ካልተመሳሰለ ከተለያየ ጠመንጃ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚያየው ግን የሰደፉን ቀለምና ማን ይዞት እንደነበረ ነው። «የፊታውራሪ እገሌ ነበር» የሚል ወሬ ዋጋውን ያንረዋል። አፈሙዙ ያለቀ ጠመንጃ የፊታውራሪም ይሁን የራስ ወዲያና ወዲህ ነው የሚመታው። ጥይቱ የሚለቀው በአፈሙዙ ጫፍ ስለሆነ እዚያ ያለ ጭረት ከመሐል በርሜል ዝገት የበለጠ ያበላሻል። ከአፈሙዙ በኩል በብረት ዘንግ የመወልወል ልማድ ብዙ ጥሩ ጠመንጃ ገድሏል።

ሕጉ አጭር ነገር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ጠመንጃ መያዝ ደግሞ ማደን ማለት አይደለም፤ አደን የራሱ ፈቃድ አለው።

ከተኩስ በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፍበት። የድሮ የምሥራቅ አገር ጥይት መቀስቀሻ በርሜሉ ውስጥ የጨው ዝቃጭ ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ጣና ዳር ደግሞ እርጥበት ሞልቷል። ዘይት ብቻ ጨውን አያሟሟም። መጀመሪያ ፍል ውኃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት። ሲሞኖቭ ላይ የመርፌዋ፣ ማለትም የጥይቱን መቀስቀሻ የምትመታዋ ዘንግ፣ ነገር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። መርፌዋ በአብዛኛው ያለ ስፕሪንግ ወዲህ ወዲያ የምትንሸራተት ናት። ወፍራም ግራሶ ከያዛት ወደ ፊት ወጥታ ትቀራለች፤ መዝጊያው ሲገጥም ቃታ ሳይሳብ ይተኩሳል። መዝጊያው ሲነቀነቅ መርፌዋ «ቀጭ ቀጭ» ማለት አለባት። ካላለች ጥይት ሳይጎርስ መጽዳት አለበት።