ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ከመሬት ስር ስላሉ ሰፋፊ ዋሻዎች ድሬዳዋ ከዚራ ላይ የምናወራው እና እውነታው

በ2017 ፈንታሌ በኩል መሬቱ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ አንዱ 6.0 የደረሰ ጊዜ ከዚራ ዛፍ ስር ሻይ የያዝን ሁሉ ኤክስፐርት ሆነን ነበር አቦ። እንደ ጣና በለስ ፓወር ሀውሳቸው (ተርባይኑ ያለበት ክፍል) መሬት ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ስለተሰራ የውሃ ኃይል ማመንጫዎችም ተነሳና ያልተባለ የለም፣ አብዛኛው ግን ስህተት ነው።

«መሬት ውስጥ ያለ ሰው አለቀለት»
እንዲያውም ላይ ነው የሚብሰው። ሞገዱ መሬቱ ገጽ ላይ ሲደርስ ንቅናቄው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፣ ታች ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1976 ቻይና ታንግሻን ከተማ ስትፈርስ 10,000 ገደማ የከሰል ማዕድን ሰራተኞች ታች ነበሩ፣ እዛ የሞቱት 17 ናቸው።

«እሺ፣ እንግዲያው አለቱ ምንም አይሆንም»
ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ሙሉ የሆነ አለት ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ግን ስንጥቅ የሌለው አለት የት አለ? ዋሻው ሲቆፈር ድማሚቱ ዙሪያውን ያላላዋል፣ ከዛ ደግሞ ከየአቅጣጫው ተጨምቆ የኖረው አለት በአንድ ጎኑ ባዶ ሲሆን ረጅሙ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ይላል፣ መንቀጥቀጡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ድንጋዮቹ ስንጥቃቸውን ይዘው በሚሊሜትር ይንሸራተታሉ፣ ወደ ቦታቸውም አይመለሱም። ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ጎረቤቴ አንዴ መዶሻ ሰጥቶኝ «ምታና ስማ» አለኝ። ደህናው ጥርት ብሎ ጮኸ፣ የላላው ባዶ ጀሪካን የመታሁ ነው የመሰለኝ። ከውጭ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

«ትልቅ ካልሆነ አይጎዳም»
ሪክተሩን ብቻ አትዩ። ከሩቅ የሚመጣው ቀርፋፋ ሞገድ ርዝመቱ በመቶዎች ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሆነ ዋሻውን እንዳለ አንስቶ ያስቀምጠዋል። ቅርብ የሚነሳው ግን ፈጣንና አጭር ነው፣ ርዝመቱ የዋሻውን ስፋት ሲጠጋ አንዱ ግድግዳ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሄዳል። ጠንከር ያለው ከተደጋገመ ደግሞ ያቺ መንሸራተት እየተጠራቀመች ትሄዳለች።

«ፖርክ ኤፒክ፣ እዚሁ ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ጥንታዊ ዋሻ፣ ስንት ሺህ ዓመት ቆሞ የለ?»
ቆሟል፣ ማን ካደ። ግን ትንሽ ዋሻ ነው፣ ድማሚት አልነካውም፣ ሊወድቅ የነበረውም ድሮ ወድቆ አልቋል። የተናዱትን ዋሻዎች ደግሞ ሄዶ የሚጎበኝ ስለሌለ አንቆጥራቸውም።

«በወፍራም ኮንክሪት ይለበጥ በቃ»
ኮንክሪቱ ግትር ከሆነ እሱም ይሰነጠቃል። የሚሰራው ሮክ ቦልት ነው፣ ረጅም ብረት ከላላው አልፎ ደህናው አለት ውስጥ ይገባና ድንጋዮቹን አንድ ላይ ይሰፋቸዋል፣ ከላዩ ስስ ሾትክሪት (በግፊት የሚረጭ ኮንክሪት) ይረጫል፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላም ሰው በመብራት እየዞረ ያየዋል።