«ክሊክ ኬሚስትሪ» ከኮምፒውተር ጋር አይገናኝም

«ክሊክ ኬሚስትሪ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ አንዴ ላብራራው። ክሊክ ኬሚስትሪ ሞለኪውሎችን የማገጣጠም ዘዴ ነው። «ክሊክ» እዚህ ላይ የማውስ ድምፅ አይደለም። የመኪና ቀበቶ መቆለፊያው ውስጥ ሲገባ «ቀጭ» የሚለውን አስቡ። ሁለት ሞለኪውሎች እንደዚያ ይገጥማሉ፤ ቶሎ፣ ያለ ብዙ ትርፍራፊ።

በጣም የታወቀው ጥንድ አዛይድ (ሦስት ናይትሮጅኖች የተደረደሩበት የሞለኪውል ክፍል) እና አልካይን (ሁለት ካርቦኖች በሦስት ትስስር የተያያዙበት ክፍል) ነው። መዳብ ሲጨመርበት ጥንዱ ቶሎ ይቆላለፋል። ችግሩ መዳቡ ሴል ይመርዛል። ኬሚስቷ ካሮሊን ቤርቶዚ መላ አገኙ፦ አልካይኑን ጠባብ ቀለበት ውስጥ አጉብጦ ማስገባት። እንደታመቀ ሞላ ስለሚወጠር መዳብ ሳያስፈልገው ይገጥማል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው «ባዮኦርቶጎናል» የሚለው ቃልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሕይወት ባለው አካል ውስጥ የሚካሄድ፣ ግን የአካሉን ሥራ የማይነካ ግጥሚያ ማለት ነው። ለምሳሌ ለሴል አዛይድ የተለጠፈበት ስኳር ይሰጠዋል። ሴሉ ምንም ሳይጠረጥር ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ ይተክለዋል። ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም ያዘለ የአልካይን ቀለበት ይጨመራል። ቀጭ! ስኳሩ በማይክሮስኮፕ ሲያበራ ይታያል። እኔ እስከዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ለክሊክና ለባዮኦርቶጎናል ኬሚስትሪ ሥራቸው ቤርቶዚ እና ኬሚስቶቹ ሞርተን ሜልዳልና ባሪ ሻርፕለስ በ2022 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ለሻርፕለስ ሁለተኛቸው ነው!

ዘዴው በሕያው እንስሳ ውስጥ እንደሚሠራ የተረጋገጠ ነው። በካንሰር ሕክምናም በሰው ላይ ሙከራ ተጀምሯል። ፍጥነቱ ግን እንደ ጥንዱ ይለያያል። መድኃኒት ሆኖ ማዳኑ ደግሞ ለየብቻው የሚፈተን ነገር ነው፤ «ክሊክ» የሚል ስም ስላለው ብቻ ፈውስ አይሆንም።