ጥፍርን ቤት ውስጥ ስለማስጌጥ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በዒድና በሠርግ ሰሞን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጥፍሯን ራሷ የምትቀባ ብዙ ናት። ዲዛይኑ በማግሥቱ ሲላጥ ጥፋቱ በርካሽ ቀለም ይሳበባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያበላሸው ከቀለሙ ይልቅ አቀባቡ ነው።

«እጅን ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ወዲያው መቀባት ነው»

ጥፍር ውሃ ሲመጥ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይሰበሰባል። ላዩ ላይ የደረቀው ቀለም አብሮት ስለማይሰበሰብ ከጫፉ ይላቀቃል። መዘፍዘፍ ካስፈለገ ከአንድ ሰዓት በፊት ይሁን። ከመቀባታችሁ በፊት አሴቶን በነካ ጥጥ እያንዳንዱን ጥፍር ጥረጉ፤ በተለይ ፀጉር ቅቤ ስትቀቡ የዋለ እጅ ከሆነ ቀለም አይዝለትም።

«እፍ ማለት ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ያደርቀዋል»

ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ማሟሟያ ሲተን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ላዩን ብቻ ያጠነክረዋል፤ ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ብርድ ልብስ ሲነካው ይታተማል። መፍትሔው ስስ አድርጎ መቀባት ነው፤ መሃሉን አንድ ጊዜ፣ ግራና ቀኙን አንድ አንድ ጊዜ፣ በቃ። ሁለተኛውን ዙር ከ3 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በጦሳ ተራራ ብርድ ቀለሙ ይወፍራል። ጠርሙሱን ክዳኑ እንደተዘጋ ለብ ባለ ውሃ 2 ደቂቃ አቆዩት፣ በዙሮቹ መሃልም 5 ደቂቃ ጠብቁ። ኮምቦልቻ ግን ሙቀቱ ማሟሟያውን ቶሎ ስለሚያተነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ቀለም ብሩሹን ይጎትታል። አንድ እጅ ቀብታችሁ ዝጉት። ከሰል አጠገብ ለማድረቅ አትሞክሩ፤ አሴቶንም ቀለሙም እሳት ይይዛሉ። ቡና እየተፈላ ከሆነ ከምድጃው ራቁ።

የወፈረ ቀለም ላይ አሴቶን ጠብ ማድረግም አያድሰውም፤ ለጊዜው ይቀጥንና ቶሎ የሚላጥ ይሆናል። ለዚሁ የተዘጋጀ ማቅጠኛ 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃዋል። ጠርሙሱን አትነቅንቁት፣ አረፋ ይፈጥራል፤ በመዳፋችሁ መሃል አሽከርክሩት።

«ያለ ልዩ መሣሪያ ዲዛይን አይሠራም»

ስቴኪኒ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ስኮችና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ብዙ ያሠራሉ። ለአበባ፣ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ጠብ አድርጋችሁ የእስክሪብቶውን ጫፍ ንከሩና ቀጥ አድርጋችሁ 5 ነጥብ በክብ አሳርፉ፤ መሃሉን በሌላ ቀለም ሙሉት። አንዴ ከተነከረ በኋላ ነጥቡ እያነሰ ስለሚሄድ፣ እኩል እንዲሆን ለእያንዳንዱ ነጥብ ንከሩ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የመሰለ መስመርና መስቀል በስቴኪኒ ያምራል። ስኮች ለመጠቀም የሥሩ ቀለም ቢያንስ 1 ሰዓት ይድረቅ። ስኮቹን አስቀድማችሁ እጃችሁ ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ ብትነቅሉት ማጣበቁ ይቀንሳል። የላይኛውን ከቀባችሁ በኋላ ግን ሳይደርቅ ንቀሉት፤ ከደረቀ ጠርዙ ይቀደዳል። ሁለት ቀለም ለማዋሃድ እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጎን ለጎን ቀቡና ነጭ በተቀባ ጥፍር ላይ 2 ወይም 3 ጊዜ ጫን ጫን አድርጉ።

ቶፕ ኮት (መጨረሻ ላይ የሚደረብ ግልጽ ሽፋን) ዲዛይኑን ያደበዝዘዋል የሚባለው ገና እርጥብ እያለ ስለሚደረብበት ነው። 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ብሩሹ ፈሳሽ በደንብ ይዞ በአንድ ጉዞ ይለፍ፤ የጥፍሩንም ጫፍ ሸፍኑ።

«ጄል በፀሐይ ይደርቃል»

መብራት ሲጠፋ ይህን የሚሞክሩ አሉ፤ አደገኛ ነው። ጄል በልዩ መብራት የሚጠነክር የጥፍር ቀለም ነው፤ በኤልኢዲ መብራት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፣ በዩቪ 2 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በደንብ ያልጠነከረ ጄል ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ አለርጂው አንዴ ከመጣ ብዙውን ጊዜ አይለቅም። መብራት ከሌለ ተራውን ቀለም ተቀቡ።

ጥፍር «መተንፈስ አለበት» የሚባለው እውነት አይደለም፤ የሚታየው ክፍል ሕይወት የለውም። የሚጎዳው ቀለሙን ፍቆ ማንሳት ነው።

«ሂናም ቀለምም ያው ነው»

ሂናና እንሶስላ ጥፍሩን ያቀልማሉ እንጂ ላዩን አይሸፍኑም። የጥፍር ቀለም ግን ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ነው፤ ስለዚህ ውዱእ የምታደርግ ሴት አስቀድማ ልታነሳው ይገባል። ሂና ጥፍር ላይ ከያዘ የሚጠፋው ጥፍሩ ሲያድግ ነው፤ የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ወራት ይፈጃል። «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ስለሚደባለቅበት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል።