ጣናን ከእምቦጭ የመታደግ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጣናን ከእምቦጭ የመታደግ እንቅስቃሴ የሚባለው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ተማሪዎችና የከተማ ነዋሪዎች እምቦጭ የተባለውን ተንሳፋፊ የውኃ አረም በእጃቸው ለመንቀል ያካሄዱት ዘመቻ ነው። ኋላ ላይ መንግሥትም፣ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ውጭ አገር ያለው ወገንም ገብተውበታል። መጀመሪያ ውኃው ውስጥ የገቡት ግን ዳር ዳሩን የሚኖሩት ናቸው።

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ዝርግና ደለል የበዛበት በመሆኑ ለእምቦጭ ተመችቶታል።

ሐይቁን መጠበቅ በእምቦጭ አልተጀመረም። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የገዳማቱ ሥርዓት በበሬ ማረስንና ከብት ማርባትን ሲከለክል ኖሯል። ዛሬም ከባሕር ዳር በጀልባ የሚሻገር ሰው የሚያየው ጥቅጥቅ ያለ የቡና ደን የዚያ ሥርዓት ውጤት ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብም ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደንገሉ እየተመናመነ እነሱም ከሐይቁ ዳር እየተገፉ መምጣታቸው የቆየ ቅሬታ ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተሰማም።

በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ በጣም ከመውረዱ የተነሳ የጀልባ ጉዞ ተቋርጦ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውኃ ሳሳ፣ በጎብኚ የሚተዳደሩት የአካባቢው ሰዎችም ቅር ተሰኙ። ሆኖም ይህ ቅሬታ እንደ እምቦጩ አገር አላንቀሳቀሰም።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃ ሐይቅ ነው። በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦታውም በሰሜን በኩል በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ማን አመጣው ለሚለው አንዱ የዓሣ መረብና ጀልባ፣ ሌላው ወፍ፣ ሌላው የግንባታ መሣሪያ ይላል። ማስረጃ ይዞ የቀረበ ግን የለም። ከዚያ የምሥራቁን ዳርቻ ተከትሎ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ተስፋፋ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆይና ውኃ ሲያገኝ ይበቅላል። ባለፈው ዓመት ተነቅሎ ያለቀ ቦታ ዘንድሮ እንደገና አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚሠራው በደቦ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አረሙ ሲያብብ አንድ ቀበሌ ቀን ቆርጦ ይወጣል። ጎልማሶቹ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ይቆማሉ። ሥሩ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ስለሆነ አንዱን ሲስቡት አሥሩ ይከተላል። በማጭድ እየቆረጡ፣ በመንሽ እየገፉ ወደ ዳር ያመጡታል። እዚያ የሚጠብቁት ደግሞ በቃሬዛ ተሸክመው ከውኃው ያርቁታል። ውኃ ያዘለ እምቦጭ ከባድ ነው፤ አንድ ቃሬዛ አራት ሰው ያቃስታል። ከዚያ ደርቆ ይቃጠላል። አብዛኛው በባዶ እግሩ ነው። አልቅቱ አለ፣ ቢልሃርዚያው አለ። ጓንትና ቦቲ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህን ሥራ በጎ ፈቃድ ብሎ ብቻ ማለፍ ይከብዳል፤ ለሰው ሁሉ ሲባል የተከፈለ ጤና ነው።

እንቅስቃሴው ከአካባቢው አልፎ የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር ከ200 በላይ የኦሮሚያ ወጣቶች “ጣና ኬኛ”፣ ማለትም ጣና የእኛ ነው፣ ብለው አረሙን ሊነቅሉ ባሕር ዳር ገቡ። አገሪቱ በተቃውሞና በግጭት በተወጠረችበት ሰዓት ነበር። ከተማው እንግዶቹን በሆታ ተቀበላቸው። በዚያው ወር መጨረሻ የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ ባሕር ዳር መጥተው የኦሮሚያና የአማራ ክልሎች የምክክር መድረክ ተካሄደ። ጉዞው የፖለቲካ ሥራ ነበር የሚሉ አሉ። ቢሆንስ? ወጣቶቹ ውኃው ውስጥ ገብተው ነቅለዋል፤ የጣናም ስም ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ሁሉ አፍ ገባ። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ አርቲስቱ በየተራው አውቶቡስ ተከራይቶ መጥቷል።

ሁለተኛው ትልቅ ዘመቻ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የታወጀው ነው። አንድ ወር እንዲቆይ ታስቦ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ስለገባ የዘመቻው ዜና ተመናመነ።

ማሽን ያልተሞከረ አይደለም። በአገር ውስጥ የተሠራም፣ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን አዋጥተው ከካናዳ ያስመጡትም ነበር። ማሽን ግን ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ አረሙ የሚበዛው ጀልባ በሚቀረቀርበት ጭቃ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ አራብተው ሞክረዋል። ዘዴው በኡጋንዳ በኩል በቪክቶሪያ ሐይቅ ሠርቷል፤ ዓመታት ይወስዳል እንጂ።

የአረሙን ስፋት በተመለከተ ቁጥሮቹ አይገናኙም። የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች በአሥር ሺዎች ሄክታር ያወራሉ። በሳተላይት ምስል የተሠሩት ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። የመነቀያው ወቅትና የመለኪያው ዘዴ የተለያየ ነውና ሁለቱን ማወዳደር አያዋጣም።

የማያከራክረው እምቦጩ የሚመገበው ማዳበሪያና ፍሳሽ መሆኑ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየማሳው አፈር ይዘው ይገባሉ። የባሕር ዳር ፍሳሽም አለበት፤ የእኛ የከተሜዎቹ ድርሻ እሱ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል፤ ዳርቻውም ከእርሻ ነፃ ሆኖ በደንገል እንዲሸፈን ይመከራል። ነገር ግን ውኃው ሲሸሽ የሚወጣውን የባሕር ሸሽ መሬት ሽምብራ የሚዘራበት ገበሬ ሌላ ማሳ የለውም። እምቦጩን የሚነቅለውም ያው ገበሬ ነው።