ከብስኩት ቆርቆሮ የወጡት ኒሻኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጆቼ በእናታቸው በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በአባታቸው በኩል ግን ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። አባታቸው ጀርመን ነው፣ የባቫሪያ ሰው። ከዚያ በላይ ያለው የዘር ታሪክ አማቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ባለፈው ገና እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት። ሁለት መስቀሎችና አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ሁላችንም መገመት ጀመርን፤ አብዛኛው ግምታችን ደግሞ ስህተት ነበር። እዚህ ጀርመን ተጋብታችሁ የምትኖሩ ብዙ ስለሆናችሁ፣ የተሳሳትንበትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የብረት መስቀል የናዚ ምልክት ነው»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ እንዳይነካው እጁን ያዝኩት። እውነታው ሌላ ነው። የብረት መስቀል የጦር ኒሻን ነው፤ ያቋቋመው በዚያን ዘመን ከጀርመን መንግሥታት አንዷ የነበረችው የፕሩሺያ ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ ነው፤ 1813፣ ናፖሊዮንን ሊወጋ ሲነሳ። ሂትለር እስኪወለድ ገና 76 ዓመት ይቀር ነበር። ከብረት መሠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገሩ ደህይቶ፣ ሰው የወርቅ ጌጡን ለጦርነቱ እየሰጠ በምትኩ የብረት ጌጥ የሚያደርግበት ዘመን ነበር። ኒሻኑ በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታውጇል። ስለዚህ መሀሉን እዩት። ከላይ ዘውድ፣ መሀል ላይ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የቄሳር ቪልሄልም ፊደል (W)፣ ከታች 1914 ካለ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ስዋስቲካ ያለበት የ1939ኙ ነው።

«የተጻፈበት ዓመት የተሸለመበት ዓመት ነው»

የእኛው መስቀል ፊቱ 1914 ይላል። ገልበጥ ስናደርገው የኦክ ቅጠልና 1813። ባለቤቴ «ናፖሊዮንን የተዋጋ አያት ነበረን ማለት ነው!» ብሎ ደስ አለው። የለም። 1813 የኒሻኑ የልደት ዓመት ነው፣ በኋለኞቹም ጀርባ ላይ አለ። 1914ም ቢሆን ጦርነቱ የጀመረበትን ነው የሚናገረው፤ በ1918 መጨረሻ የተሸለመ ወታደርም ያገኘው 1914 የሚል መስቀል ነው።

«መስቀል ካለው ልዩ ጀግና ነበር»

ሊሆን ይችላል፤ መስቀሉ ብቻውን ግን አያስረዳም። የብረት መስቀል ደረጃ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዝቅ ያለው፣ ሁለተኛው ደረጃ፣ የተሰጠው ወደ 5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ጊዜ ነው። አንደኛው ደረጃ ግን ወደ 220 ሺህ ገደማ ብቻ። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ የ1941/42ን የሩሲያ ክረምት ግንባር ላይ ላሳለፉት የተሰጠ ሜዳሊያ አለ፤ ወታደሮቹ ራሳቸው «የበረዶ ሥጋ ኒሻን» ይሉት ነበር።

ሌላው ችግር፣ መስቀሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለም። የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀቱ ነው፦ የሽልማት የምስክር ወረቀቱ ወይም ሚሊተርፓስ የሚባለው የወታደር ደብተር። እባካችሁ ብረቱን አስቀምጣችሁ ወረቀቱን እንዳትጥሉ።

«ጥቁሩ መስቀልም የእሱ ነው»

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይኼ ነው። ሁለተኛው መስቀል ጥቁር ነበር፤ መሀሉ ላይ 1914 – 1918 ይላል፣ ጎራዴ የለበትም። ቤተሰቡ ለዘመናት የወታደሩ፣ የአማቴ ወንድ አያት፣ ነው ብሎ ያምን ነበር። እንዲያውም አንዱ አጎት «ምስጢራዊ ክፍል ውስጥ ነበር» ይል ነበር።

ይህ የክብር መስቀል የሚባለው ነው። ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ በሐምሌ 1934 ያቋቋመው፣ ሰው አመልክቶ የሚወስደው። ሦስት ዓይነት አለው። ጎራዴ ያለበት ግንባር ለተዋጋ። ጎራዴ የሌለበት ከግንባር ውጭ ላገለገለ። ጥቁሩ ግን የወታደሩ አይደለም፤ ሟች ወይም ደብዛው የጠፋ ወታደር ለተወችው ሚስት፣ ወይም ለወላጆቹ የሚሰጥ ነው። ወረቀቱን ስንዘረጋው የአማቴ አያት ስም ነበር፣ የሴትየዋ። ባሏ ከሞተ ከ16 ዓመት በላይ ቆይታ፣ ማመልከቻ ጽፋ የተቀበለችው። አማቴ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ሳይናገሩ ቆዩ።

«ወረቀቱ በፉህረሩ ስም ካለ ናዚ ነበሩ»

እዚያው ወረቀት ላይ «በፉህረሩና በራይኽ ቻንስለሩ ስም» ይላል፤ በሂትለር ስም ማለት ነው። ሁላችንም ደነገጥን። ሂንደንቡርግ ነሐሴ 1934 ስለሞተ ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ በዚህ ቃል ነው የታተመው። በአንደኛው ጦርነት ወደ 100 ሺህ ይሁዲ ለጀርመን ተሰልፏል፣ 12 ሺህ ያህሉ ሞቷል፤ ከጦርነቱ የተመለሱ ይሁዶችም ይህንኑ መስቀል በዚሁ ቃል ተቀብለዋል። ከዚያ መንግሥት ምን እንደጠበቃቸው ታውቃላችሁ።

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው። «የመደበኛው ጦር ወታደር ብቻ ነበር» ማለት እጁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የሁለተኛው ጦርነት ኒሻን ካገኛችሁ የትኛው ክፍል፣ የት፣ መቼ እንደነበረ ጠይቁ። መልሱ የሚከብድ ቢሆንም ልጆች እውነቱን ቢያውቁ እመርጣለሁ።

«መዝገቡ ሁሉ በቦምብ ተቃጥሏል»

ግማሽ እውነት ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1945 ፖትስዳም ስትደበደብ የፕሩሺያ ጦር ቤተ መዛግብት አብዛኛው ነደደ። ነገር ግን የቄሳሩ ጦር አንድ ወጥ አልነበረም፤ ከፕሩሺያ ሌላ ባቫሪያ፣ ቩርተምበርግና ሳክሶኒም የየራሳቸው ጦር ነበራቸው። የባቫሪያው መዝገብ ሙኒክ ተርፏል፤ የቩርተምበርግን ሽቱትጋርት፣ የሳክሶኒን ድሬስደን ጠይቁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ የትውልድ ቦታው ነው። ለሁለተኛው ጦርነት በርሊን ያለው የወታደሮች መረጃ ቢሮ ከ2019 ጀምሮ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ሥር ነው። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ ይዛችሁ ጻፉ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ተስፋ አትቁረጡ።

«ስሙ የጉዳት ዝርዝር ላይ ካለ ሞቷል»

ፌርሉስትሊስተ የሚባለው የአንደኛው ጦርነት ዝርዝር ወደ 31 ሺህ ገጽ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይፈለጋል። ቁስለኛውም፣ የተማረከውም፣ የጠፋውም አብሮ አለበት። የእኛ ሰው ስም አጠገብ ያለው «ቀላል ቁስል» ነው። ሞቱ የመጣው በኋላ ነው።

ወታደር አንገቱ ላይ ስለሚያደርገው የመታወቂያ ቆርቆሮም ባጭሩ፦ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ሲሰጠው የነበረበትን የመጀመሪያ ክፍል ነው የሚያሳየው። የተዋጋበትን ላይሆን ይችላል። ስዋስቲካ ያለበትን ኒሻን ቤት ውስጥ ማኖር ጀርመን ውስጥ ወንጀል አይደለም፤ አደባባይ ይዞ መውጣትና ፎቶውን እንደዋዛ መለጠፍ ግን ያስከስሳል።

የሙኒኩን የወታደሮች መዝገብ በመጨረሻ አገኘነው። በእጅ ተጽፏል፣ በድሮው የጀርመን ጽሕፈት፤ ባለቤቴ የገዛ ቋንቋውን ማንበብ አቅቶት አማቴ እያጠጉ እያራቁ አነበቡልን። ሃይማኖት፣ ሥራ፣ የሚስት ስም። የልጆች ብዛት፣ 2። ከሁለቱ አንዱ የአማቴ አባት ናቸው። ቀጥሎ የወታደሩ ወላጆች ስምና መኖሪያ ተጽፏል። ልጄ እዚያው ቆሞ በጣቱ ቆጠረ፤ አምስተኛው ደረሰ።