በሰማይ ላይ ስላለው የማዘዣ ጣቢያ፦ የሚወራውና እውነቱ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዞ ተቀምጦ ጦርነት የማይተነትን ሰው ማግኘት ይቸግራል። ጨዋታው አዋክስ ወደሚባለው፣ በጀርባው ትልቅ ሳህን ተሸክሞ ሰማዩን እየቃኘ ጄቶችን ወደሚመራው የጦር አውሮፕላን ከዞረ ደግሞ ወሬው ልክ ያጣል። ከሚባለው ውስጥ ጥቂቱን ላርም።

«ሳህኑ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ይተኩሳል።»

አይተኩስም። በአሜሪካው አዋክስ፣ በኢ-3 ሴንትሪ ጀርባ ላይ ያለው ሳህን የራዳር (ሞገድ ልኮ ነጥሮ ሲመለስ ሩቅ ያለውን ነገር የሚያገኝ መሣሪያ) አንቴና ማቀፊያ ነው፤ ወርዱ 9 ሜትር ያህል ሲሆን በሥራ ላይ በየ10 ሰከንዱ አንድ ዙር ይዞራል። አውሮፕላኑ የተሠራው በመንገደኛው ቦይንግ 707 አካል ላይ ነው። መድፍም ሚሳይልም የለውም፤ ጠላት ቢመጣበት የሚከላከሉለት ተዋጊ ጄቶች ናቸው።

«ሁሉን ያያል፤ ጅማ መርካቶ የሚገበያየውን ሰው ሳይቀር።»

ይህኛው ሥር የሰደደ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። የራዳር ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራና የምድር ክብነት ያግዱታል። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ የቆመ ሰው ከተማዋን ቁልቁል ይቃኛል፤ መርካቶ መሐል ያለው ግን ዓይኑ ከፊቱ ካለው ሱቅ አያልፍም። ራዳሩን አውሮፕላን ላይ የጫኑት ለዚሁ ነው። በ9,000 ሜትር ከፍታ ጅማ ሰማይ ላይ ቢዞር አድማሱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። አዲስ አበባ በአየር መስመር 260 ያህል ብትሆን ነው፤ በአድማሱ ውስጥ ትገባለች ማለት ነው።

ነገር ግን አድማስ ሰፋ ማለት ሁሉ ታየ ማለት አይደለም። ራዳሩ ቁልቁል ሲመለከት መሬቱ ራሱ ሞገዱን እየመለሰ ያስቸግረዋል። ኮምፒውተሩ በፍጥነት የሚንቀሳቀሰውን ለይቶ ያስቀራል፤ የቆመውንና የሚያዘግመውን ይጥላል። ስለዚህ እግረኛና በቅሎ ከስክሪኑ ውጭ ናቸው። በጊቤ ሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተርም ከገደሉ ጀርባ ሊሰወር ይችላል። የመሬት ተሽከርካሪዎችን ለመከታተል አሜሪካኖች ሌላ አውሮፕላን፣ ኢ-8ን ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተሰማራው ገና በሙከራ ላይ ሳለ ነበር።

«ፕሬዚዳንቱ ጦርነት የሚመራበት አውሮፕላን ነው።»

ይህ ሌላ አውሮፕላን ነው። ኢ-4ቢ ይባላል፤ በቦይንግ 747 ላይ የተሠራ ሲሆን አሜሪካ ያላት አራት ብቻ ነው። መሬት ላይ ያሉት ማዘዣዎች በኑክሌር ጥቃት ቢወድሙ ፕሬዚዳንቱና የጦር አዛዦቹ ከአየር ላይ እንዲያዝዙበት የተዘጋጀ ነው። አዋክስ ውስጥ ያሉት ግን ጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው ስክሪን ላይ ያፈጠጡ፣ አብራሪዎችን በሬዲዮ የሚመሩ ባለሙያዎች ናቸው።

«አንዱ አውሮፕላን ለዓመታት ሳያርፍ ይበራል።»

ወሬው መነሻ አለው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1961 እስከ ሐምሌ 1990 ድረስ አንድ የማዘዣ አውሮፕላን ከሰማይ እንዳይጠፋ አድርጓል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኖቹ በፈረቃ ይተካኩ ነበር፤ ተረኛው ሳይነሳ ያለፈው አያርፍም።

«አዋክስ ካለ ወገን ወገኑን አይመታም።»

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1994 ሰሜን ኢራቅ ላይ አዋክስ እየተቆጣጠረ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ-15 ጄቶች ሁለት የራሳቸውን ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች የኢራቅ መስለዋቸው መትተው ጣሉ። 26 ሰዎች ሞቱ። የአዋክሱ ሠራተኞች ሄሊኮፕተሮቹ በአካባቢው መኖራቸውን ቀደም ብለው በሬዲዮ ያውቁ ነበር። ሄሊኮፕተሮቹ በተራሮቹ መሐል ሲገቡ ምልክታቸው ከራዳሩ ይጠፋል፤ ጄቶቹ ሲመጡም ወገን እዚያ አለ ብሎ ያስጠነቀቃቸው አልነበረም።