በእርግዝና ወቅት ደም መታየት፦ ምንነቱና ወደ ሕክምና የሚያስሮጡ ምልክቶች

በእርግዝና ላይ የወር አበባ አይመጣም። «ካረገዝኩ ወዲህም አልቀረልኝም» የምትል ሴት የምታየው ደም ሌላ መነሻ ስላለው መመርመር አለባት። እንዲህ ሲባል ግን ደም ያየች ሁሉ ፅንሱ ይቋረጥባታል ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከ4 ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ደም ታያለች፤ ብዙዎቹም በሰላም ይገላገላሉ።

በዚህ ጊዜ የሚታይ ጠብታ ፅንሱ ማህፀን ላይ ሲተከል የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የማህፀን በር በእርግዝና ወቅት ደም ስለሚበዛበት ከግንኙነት በኋላም በቀላሉ ይደማል። ደሙ እየበረታ፣ ቁርጠትና የወገብ ሕመም ሲከተለው ግን ውርጃ ያሰጋል። ቤተሰብ «ከአልጋ እንዳትነሺ» ማለቱ ያለ ነው፤ ሆኖም ተኝቶ መዋል ውርጃን እንደሚያስቀር ማስረጃ የለም።

በዚህ ወቅት ከሁሉ አደገኛው ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ነው። ፅንሱ አብዛኛውን ጊዜ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለሚፈስ ውጭ የሚታየው ጥቂት ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላይታይም ይችላል። ባንድ ጎን የሚጠና የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ብድግ ሲሉ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ «ደሙ ትንሽ ነው» ብሎ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል።

እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ ዓይን የሚያርፈው የእንግዴ ልጁ ላይ ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ከሸፈነ ደማቅ ቀይ ደም ያለ ሕመም በድንገት ይመጣል። ሕመም ስለሌለው ያዘናጋል። የእንግዴ ልጁ ያለበት ቦታ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ ጣት አስገብቶ መመርመር የደም ጎርፍ ሊያስከትል ስለሚችል ባለሙያዎች አጥብቀው ይከለክሉታል። የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሲላቀቅ ደግሞ ሆድ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሕመሙም ይበረታል፤ ደሙ ግን ከኋላው ተጠራቅሞ ሊደበቅ ይችላል። የደም ግፊት፣ መውደቅና ሆድ ላይ መመታት ለዚህ ያጋልጣሉ። እንዲህ ያለውን ሆድ ማሳሸት ፈጽሞ አይገባም።

ወሯ የገባ ሴት ንፍጥ ከመሰለ ፈሳሽ ጋር ጥቂት ደም ብታይ ምጥ መቃረቡን ያመለክታል። ከ37 ሳምንት በፊት ከመጣ ግን ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ ሊሆን ስለሚችል ያስቸኩላል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ታይቶ የቆመ፣ ሕመምም የሌለው ደም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለአዋላጅ ነርስ ወይም ለሐኪም ይነገራል። ባንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ የረጋ ደም፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ፣ ወይም በኋለኞቹ ወራት የትኛውም መጠን ያለው ደም ከመጣ በሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሲኬድ የክትትል ካርዱንና ደም የነካውን ሞዴስ ይዞ መሄድ ለመርማሪው ይጠቅማል፤ ሥጋ መሰል ነገር ከወጣም በንጹሕ ዕቃ ይያዛል።

የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነ እናት ደም ካየች ደሙ ቢቆምም ይህን ለሐኪሙ መናገር አለባት። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነና ደማቸው ከተቀላቀለ ቀጣዩ እርግዝና ሾተላይ ሊያገኘው ይችላል። መከላከያው መርፌ የሚሰጠው ደም ከታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።